ዱባው ሠረገላ ሲሆን

አዲስ አበቤ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ማለቱ አያስገርምም፤ የጥንቱ ፊልም እውነትም የምትሃት ልጅ ነው። ፈረንሳዊው ጆርጅ ሜሊየስ ካሜራ ከመጨበጡ በፊት ፓሪስ ውስጥ የአስማት ትርኢት ቤት ነበረው።

እ.ኤ.አ. በ1899 በሠራው «ሲንደሬላ» ዱባ ዐይን እያየ ሠረገላ ይሆናል። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ካሜራው ይቆማል፣ ተዋናዮቹ ባሉበት ድርቅ ይላሉ፣ ዱባው ተነሥቶ ሠረገላው ይገባል፣ ቀረጻው ይቀጥላል። አንዱ እጁን ካነቃነቀ ጉዱ ፈላ!

ቀለሙስ? ሴቶች በቀጭን ብሩሽ እያንዳንዷን ምስል በእጅ ይቀቡ ነበር። ቀለሙ አልፎ አልፎ ከመስመር ይወጣል፤ እሱም ያምርበታል።

ሰው ጅብ ሲሆን በተረት እየሰማ ያደገ የመተማ ልጅ ዱባው ሠረገላ ሲሆን ለማየት አስተርጓሚ አያሻውም።

ሜሊየስ እ.ኤ.አ. በ1923 ተስፋ ቆርጦ የፊልሞቹን ኔጋቲቭ አቃጠለ። ዛሬ ከ500 በላይ ሥራዎቹ መካከል 200 ያህሉ የሚታዩት በየቦታው ተበትነው በቀሩ ቅጂዎች ነው።