ከሰሉ የት ይመዘገባል?

ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ የእህል መደብር የስቶክና የዱቤ መከታተያ ሶፍትዌር ሠራሁ። ባለቤቱ ከሃያ ዓመት በላይ በአንድ ጠርዙ በተበላ ደብተርና በጭንቅላታቸው ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሲስተሙን ከፍቼ ሳሳያቸው ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና «እሺ ልጄ፣ እኚህ የማልጠይቃቸው ሴትዮስ የት ይገባሉ?» አሉኝ። በየወሩ ሃያ አምስት ኪሎ ጤፍ «በዱቤ» የሚወስዱ፣ ሒሳቡን ግን ማንም ጠይቋቸው የማያውቅ፣ ባላቸው የሞተባቸው ጎረቤት ነበሩ። መልስ አላጣሁም። «የማይሰበሰብ ዕዳ» የሚል ምድብ ጨመርኩና ጨረስኩ። ሪፖርቱ ላይ በቀይ ይወጣል።

የቶማስ ሃርዲን «የካስተርብሪጅ ከንቲባ» ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ባላነበው ይሻለኝ ነበር የምልበት ቀን አለ።

መጽሐፉ በ1886 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ካስተርብሪጅ የፈጠራ ስም ይሁን እንጂ ከተማዋ ዶርቼስተር ናት፤ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዶርሴት ውስጥ ያለች ትንሽ የገበያ ከተማ። ሃርዲ የተወለደውም እዚያው አጠገብ ነው። ታሪኩ በአብዛኛው የሚካሄደው በውጭ እህል ላይ ቀረጥ የሚጥለው ሕግ በ1846 ከመሻሩ በፊት ነው። ያኔ የከተማው ኑሮ በአካባቢው አዝመራ ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ ዝናቡ ያለጊዜው ከመጣ ዳቦ ይወደዳል፣ በቃ።

ሃርዲ ከተማዋን በዕቃ ነው የሚያሳየን። ሱቆቹ መስኮት ላይ የተደረደረውን ይቆጥራል፦ ማጭድ፣ አካፋ፣ የበግ መሸለቻ መቀስ፣ የንብ ቀፎ፣ የማረሻ ገመድ። በከተማውና በማሳው መካከል ምንም የለም፤ ቢራቢሮ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው ስትሄድ በዋናው መንገድ ታቋርጣለች። ገበያ ላይ ገበሬው የሚከራከረው በአፉ ብቻ አይደለም፤ በፊቱ፣ በክንዱ፣ በባርኔጣው፣ በዱላው ጭምር ነው። መርካቶ እህል በረንዳ ቆሞ ደላላ ያየ ሰው እዚህ ገጽ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ዋናው ሰው ማይክል ሄንቻርድ ነው። በወጣትነቱ፣ ድርቆሽ አሳሪ ሳለ፣ ሰክሮ ሚስቱንና ልጁን በ5 ጊኒ ለአንድ መርከበኛ ሸጠ። በማግስቱ 21 ዓመት መጠጥ ላይቀምስ ማለ። ከዚያ የከተማው ትልቅ የእህል ነጋዴና ከንቲባ ሆነ። ሒሳቡ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው፣ ውሉ ቃሉ ነው። ዶናልድ ፋርፍሬ የሚባል ወጣት ስኮትላንዳዊ ወደ አሜሪካ ሊሄድ በዚያ ሲያልፍ፣ እንደ ብቅል ያቆጠቆጠ ስንዴን መልሶ ለምግብ የሚያበቃ ዘዴ በነጻ ይሰጠዋል። ሄንቻርድም ለምኖ ያስቀረውና ሥራ አስኪያጅ ያደርገዋል። ፋርፍሬ መዝገብ ከፈተ፣ ደብዳቤ ጻፈ፣ ነገሩን ሁሉ መስመር አስያዘ። በኋላም በፈረስ የሚጎተት የዘር ማሽን እንዲመጣ መከረ፤ በእጅ በትኖ መዝራት ቀርቶ እያንዳንዷ ፍሬ ቦታዋ ላይ ብቻ እንድትወድቅ። ሄንቻርድ በማሽኑ ያሾፋል። እሱ ራሱ ግን ዝናብና ፀሐይን «አስቀድሞ ያውቃል» የሚባል ሰውዬ ጋ በድብቅ ሄዶ፣ ትንቢቱን አምኖ እህል ያከማቻል። ፀሐይ ስትወጣ ደንግጦ በኪሳራ ሸጠው። ዝናቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ብዙ አንባቢ ይህን «አሮጌውና አዲሱ ሲጋጩ» ብሎ ያልፈዋል። ያ ንባብ እንዲሠራ ፋርፍሬ ክፉ መሆን አለበት። አይደለም። የቅጥር ገበያው ላይ አንድ ወጣት ለሽማግሌ አባቱ ሲል ከሚወዳት ልጅ ርቆ ሊቀጠር ሲል፣ ፋርፍሬ አባትና ልጁን እዚያው ይቀጥራቸዋል። ሌላ ደግሞ ኤብል ዊትል አለ፣ ጠዋት መነሳት ያልሆነለት ሠራተኛ። ሄንቻርድ አንድ ቀን ቤቱ ድረስ ሄዶ ያለ ሱሪ ወደ ሥራ ይነዳዋል፤ ፋርፍሬ ነው ተመልሶ እንዲለብስ ያዘዘው። እዚህ ላይ መቶ በመቶ የፋርፍሬ ወገን ነኝ። መደብሩ የፋርፍሬ ከሆነ በኋላ ኤብል በሳምንት 1 ሽልንግ ቀንሶበት እንኳ ደስተኛ ነው፤ የሚጮህበት የለማ።

ግን ሃርዲ እግረ መንገዱን አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፦ ሄንቻርድ ያለፈውን ክረምት ሙሉ ለኤብል አሮጊት እናት የድንጋይ ከሰልና ሱረት ሲያቀርብ ነበር። ልጁን በሰው ፊት ያዋረደው ሰው እናቱን ሲያሞቅ ከርሟል። አዲሱ መዝገብ ሲከፈት ይህ ከሰል በየትኛው ገጽ ገባ? መጽሐፉ አይነግረንም፤ እኔ ግን ቀዩ መስመር ታየኝ። መጨረሻ ላይ ፋርፍሬና ኤልዛቤት ጄን የጠፋውን ሄንቻርድን ሊፈልጉ ወጥተው ሲመሽ፣ ፋርፍሬ እዚያ ማደሩ የሚያስወጣውን ገንዘብ ያሰላል። ክፋት የለበትም፤ ስሌቱም ትክክል ነው።

ድክመት የለውም አልልም። የጠፋ መርከበኛ ይመለሳል፣ በደንብ ያልታሸገ ደብዳቤ ያለጊዜው ይከፈታል፣ የድሮዋ ገንፎ ሻጭ ችሎት ላይ ብቅ ትላለች፤ በኮድ ሪቪው ቢመጣልኝ አላሳልፈውም ነበር። ሉሴታም የምትሞተው በራሷ ታሪክ ሳይሆን ሴራው ስለፈለገ ነው የሚመስለው።

ባለፈው ዓመት የእህል መደብሩን የሰውዬው ልጅ ተረከበ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ጫኝና አውራጆቹ ክፍያቸውን በቀኑ ያገኛሉ፣ የሚሳደብ የለም። አንድ ማታ ደወለና በቀይ የሚወጣውን ደንበኛ እንዴት እንደሚዘጋ ጠየቀኝ። ሁለት ክሊክ ነው። በስልክ አስረዳሁት።

ሄንቻርድ የሞተው ከሰው ርቆ፣ በአንድ ሊፈርስ በደረሰ ጎጆ ውስጥ ነው። ያስታመመው ኤብል ብቻ ነበር፤ ሂድ ተመለስ እየተባለ፣ ለእናቱ ደግ ነበር ብሎ የተከተለው። ሟቹ የጻፈውን ወረቀት አልጋው ራስጌ ላይ ሰክቶታል። ማንበብ ስለማይችል ምን እንደሚል አያውቅም፤ ገብቶ አመጣላቸው።