ጸደይ አትጠብቅም

በከላላ ዋልካ መሬት ያለው ገበሬ ሐምሌን የሚገፋው ሰማይ ሰማይ እያየ ነው። ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ በመስከረም መባቻ ሹልክ ካለ፣ ባለ ረጅም ዕድሜው ጤፍ ዛላው ሊሞላ ሲል ውኃ ያጣል። ወደ ጸደይ ያዞረኝ ይኸው ነው።

ጸደይ በደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል ተዳቅላ እ.ኤ.አ. በ1984 የተለቀቀች ዝርያ ናት፤ በሦስት ወር ገደማ ትደርሳለች። ጤፍን ማዳቀል ለረጅም ዘመን አልሳካ ብሎ ነበር። ታረቀ በርሄ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ያቺ ኢምንት አበባ ማለዳ ከ12፡45 እስከ 1፡30 ገደማ እንደምትከፈት ከደረሱበት በኋላ ነው መንገዱ የተገኘው። «ዲቃላ ዘር» ስል ሽማግሌዎቻችን ይስቃሉ። እንደ ዲቃላ በቆሎ በየዓመቱ የሚገዛ መስሎት የሚሸሸውም አለ። ጤፍ ግን በራሱ ብናኝ ስለሚያፈራ፣ ባዕድ ዘር ያልቀላቀለ ሰው ከአውድማው ዘሩን ያስቀራል።

ቶሎ የሚደርስ ዘር ለሰነፍ ይመቻል የሚሉ ተሳስተዋል። ባለ ረጅም ዕድሜው ጤፍ አረም ቢውጠው እንኳ የሚያገግምበት ጊዜ አለው። ጸደይ ቀኗ ሲሞላ፣ ትጠንክርም ትቀጭጭም፣ ዛላዋን ታወጣለች። አንድ ዓመት ለቅሶ ላይ ከርሜ አረሙን አሥር ቀን አሳደርኩት። ስመለስ ጤፌ ከጉልበቴ በታች ሆኖ አሽቷል። ደንግጬ አረምኩ፣ ዩሪያም በተንኩ፤ ዩሪያው የጠቀመው በቀጣዩ ሳምንት የበቀለውን አረም ነው።

ከዚያ ወዲህ ጉልበቴን የማውለው ከዘር በፊት ባሉት ሳምንታት ላይ ነው። አራት አምስት ጊዜ አርሳለሁ፤ ውኃው እንዳይተኛ ቦይ አወጣለሁ፤ ከብት አስገብቼ አስረግጣለሁ። አንድ ሺህ ፍሬው ተመዝኖ የግራም ሲሶ ያህል የሆነ ዘር በለሰለሰ አፈር ውስጥ ከጠለቀ ወጥቶ አይታይም። ዘሩን ስበትን ደግሞ እጄን እሰበስባለሁ፤ የተጨናነቀ ጤፍ አገዳው ይሳሳል፣ በመጀመሪያው ንፋስም ይጋሸባል። ጎረቤቶቼ ዘር የቆጠብኩ መስሏቸው ያሙኛል።

አጨዳ ላይ ዛላው ያታልላል። የሚበስለው ከጫፉ ጀምሮ ወደ ታች ስለሆነ፣ ከሩቅ ቢጫ ሆኖ የታየው ማሳ ሥሩ ገና እሸት ሊሆን ይችላል። እኔ የዛላውን የታችኛውን ቅርንጫፍ በጣቴ አሽቼ ፍሬው ሲጠነክር ነው ማጭድ የማነሳው።

በሬዎቼ ግን ቅር ይላቸዋል። የጸደይ ጭድ አጭርም ጥቂትም ነው። ስለዚህ ግማሹን ማሳ ማኛና ዱከም የተባሉት ዝርያዎች ተዳቅለው እ.ኤ.አ. በ2006 ለተለቀቀችው ለቁንጮ ትቻለሁ። ባለቤቴም ለግድግዳ ምርጊት ጭድ ስትፈልግ የምትሄደው ወደዚያኛው ክምር ነው።