ሸንጎውን የሚያቋርጥ ሰዓት፦ የ«24» ሰባተኛ ምዕራፍ ከመተማ ቆላ ሲታይ

ጃክ ባወር በሴኔት ሸንጎ ፊት ብቻውን ተቀምጧል። ጠበቃ አልያዘም። ሴናተር ብሌን ሜየር «በምርመራ ላይ የነበሩ ሰዎችን አሠቃይተሃል ወይ?» ብለው ይጠይቁታል፤ አይክድም፣ አይጸጸትምም። «24» የተሰኘው አሜሪካዊ ተከታታይ ድራማ ስድስት ምዕራፍ ሙሉ ሲሸሸው የኖረውን ጥያቄ በሰባተኛው ምዕራፍ መግቢያ ላይ እንዲህ ፊት ለፊት አመጣው። ሆኖም ሸንጎው ገና ሳይሟሟቅ የኤፍ ቢ አይ ወኪሏ ሬኔ ዎከር ደርሳ ባወርን ይዛው ትወጣለች። አገር አደጋ ላይ ነው፤ ጊዜ የለም። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በሙሉ የሚሄደው ይህ ሸንጎ እንደተቋረጠ ነው። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያም ከዚህ ይነሣል። በፀረ ሽብር ትረካ ውስጥ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ሰዓቱ ነው፤ ሥራውም ዳኛን ከወንበሩ ማስነሣት ነው። ይህንን ሰዓት እኛም በራሳችን ስክሪን አይተነዋል፤ ያየነው ግን ልብ ወለድ ተብሎ አልነበረም።

ድራማው በፎክስ ጣቢያ መታየት የጀመረው በጥቅምት 1994 ዓ.ም.፣ ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት በኋላ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ነው። ጆኤል ሰርናው እና ሮበርት ኮክራን ሲፈጥሩት ጥቃቱ ገና አልደረሰም ነበር፤ ዘመኑ ግን ልኩን ያሰፋለት መሰለ። እያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ቀን፣ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ነው። ስክሪኑ ለሁለትና ለሦስት ይከፈላል፤ ቢጫው አኃዝ እየጮኸ ይቆጥራል። ብዙ ሐያስያን ይህን የአቀራረብ ብልሃት ብለው አልፈውታል። እኔ ግን ሙግት ነው እላለሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከተማ የሚፈነዳ ከሆነ ጠበቃ ማቆም፣ ምስክር መስማት፣ ይግባኝ ማለት ሁሉ ቅንጦት ይሆናል። ተመልካቹ ማሠቃየትን የሚደግፍ ሰው ሆኖ ወንበሩ ላይ አይቀመጥም፤ አኃዙን ሲያይ ግን «ቶሎ በለው!» ይላል። ደራሲው መከራከር ሳያስፈልገው ሰዓቱ ይረታለታል።

ነገሩ ከስክሪን መውጣቱን ካስተዋሉት መካከል ወታደሮች ነበሩ። ጋዜጠኛዋ ጄን ሜየር በ2007 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርከር መጽሔት እንደጻፈችው፣ የዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ዲን ብርጋዴር ጀነራል ፓትሪክ ፊነጋን ከድራማው አዘጋጆች ጋር ፊት ለፊት ተገናኝተው ነበር። አቤቱታቸው እጩ መኮንኖች ከሕግ ትምህርታቸው ይልቅ ባወርን እያመኑ ተቸግረናል የሚል ነው። ሰባተኛው ምዕራፍ የዚህ ወቀሳ መልስ መሆን ፈልጓል። በደራሲያን የሥራ ማቆም አድማ ምክንያት ከታሰበለት ጊዜ አንድ ዓመት ዘግይቶ በጥር 2001 ዓ.ም. ሲጀምር፣ በዚያው ወር ባራክ ኦባማ ሥልጣን ይዘው ጭካኔ የተሞላ ምርመራን የሚከለክል ትእዛዝ ፈረሙ። ዘመኑ ሲዞር ድራማው የራሱን ጀግና ለሸንጎ አቀረበ፤ ግን አላስጨረሰውም።

የምዕራፉን መግቢያ ታሪክ የሚነግረው «24፦ ሪደምፕሽን» የተባለው የሁለት ሰዓት ፊልም ወደ አፍሪካ ይወስደናል። አገሩ «ሳንጋላ» ነው፤ በካርታ ላይ የለም። ጀነራል ጁማ መፈንቅለ መንግሥት ያካሂዳል፣ ኮሎኔል ዱባኩ ሕፃናትን እየነጠቀ ወታደር ያደርጋል፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ማቶቦ ይሰደዳል፣ ባወር ተማሪዎቹን ወደ ኤምባሲው ለማድረስ ይሮጣል። ቀረጻው የተካሄደው ደቡብ አፍሪካ ነው። ጁማን የተጫወተው ቶኒ ቶድ አሜሪካዊ፣ ዱባኩን የተጫወተው ሐኪም ኬ ካዚም ናይጄሪያ የተወለደ እንግሊዛዊ፣ ማቶቦን የተጫወተው ኢሳክ ደ ባንኮሌ የአይቮሪ ኮስት ሰው ነው። ተዋናዮቹ የተዋጣላቸው ናቸው፤ በተለይ ዱባኩ በዝምታው ያስፈራል። አገሩ ግን ጎረቤት የለውም፣ ገበያ የለውም፣ የሚታወቅ ታሪክ የለውም፤ ስጋት የሚመረትበት ባዶ ሜዳ ነው። ምዕራፉ ወደ ኋላ ላይ አንድ ብልህ እርምጃ መራመዱን ግን መካድ አይቻልም። ስታርክዉድ የተባለው የአሜሪካ የግል ጦር ኩባንያ መርዛማ መሣሪያውን የሞከረው በሳንጋላ ሕዝብ ላይ እንደሆነ ይገለጣል፤ አደጋው ከዋሽንግተን ወጥቶ ወደ ዋሽንግተን የተመለሰ ነው። ይህ ከባድ ክስ ነበር። ሆኖም ሙከራው የተካሄደባቸውን ሰዎች ቀርቦ የሚጠይቃቸው የለም፤ ሰዓቱ የሚቆጥረው ለዋሽንግተን ነው።

እንዲህ ያለውን ባዶ ሜዳ ከሳንጃ ወይም ከገንዳ ውኃ ሆኖ የሚያይ ተመልካች የሚከነክነው ነገር አለ። በመተማ ዮሐንስና በጋላባት መካከል ያለው ድንበር፣ የፀረ ሽብር ትረካ ቢያገኘው እንደ ሳንጋላ የሚሥለው ዓይነት ቦታ ነው፤ ቆላ፣ መሣሪያ፣ ኬላ፣ ኮንትሮባንድ፣ ደላላ። ሁሉም አለ፤ ውሸት የለበትም። ነገር ግን እዚህ ሕይወት የሚለካው በሰሊጥና በማሽላ ወቅት፣ ከደጋ ለአረምና ለአጨዳ በሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ መንገድ በሚዘጋው ክረምት ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በዚህ በር የገቡት ሱዳናውያንና የሌላ አገር ዜጎች ጎልተው የታዩበት ነገር መጠበቅ ነበር፤ ሰነድ መጠበቅ፣ መኪና መጠበቅ፣ ወሬ መጠበቅ። ልብ አንጠልጣይ ድራማ መጠበቅን መተረክ አይችልበትም። ሲሞክር እንኳ ቆርጦ ያልፈዋል።

ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ዘውጉ ራሱ በዚህ ቆላ በኩል አልፎ ያውቃል። የእስራኤሉ ጊዲዮን ራፍ «ሐቱፊም» የሚባል ተከታታይ ድራማ ሠራ፤ ከእሱ «ሆምላንድ» ተወለደ። «ሆምላንድ»ን ወደ አሜሪካ ያመጡት ሃዋርድ ጎርደንና አሌክስ ጋንሳ በ«24» ላይ አብረው የሠሩ ሰዎች ናቸው። ራፍ ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. ኔትፍሊክስ ላይ የወጣውን «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» ጽፎ አዘጋጀ። ፊልሙ የሚተርከው የሞሳድ ወኪሎች በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ የመዝናኛ ሆቴል ከፍተው ቤተ እስራኤላውያንን በድብቅ ያወጡበትን ዘመን ነው። ከጎንደር አካባቢ የተነሡት ቤተ እስራኤላውያን በእግራቸው ወደ ገዳሪፍ የወረዱት በእነዚህ ቆላዎች በኩል ነው፤ ቀን እየተደበቁ፣ ሌሊት እየተጓዙ። ከዚያ በኡም ራኩባና በሌሎች መጠለያዎች ወራትን፣ አንዳንዶቹም ዓመታትን ጠበቁ። በመንገድና በመጠለያ የሞቱት ወደ 4 ሺህ እንደሚደርሱ ይገመታል። ፊልሙ ግን የተቀረጸው ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜውንም የሚሰጠው ለወኪሎቹ ጀብዱ ነው። መንገዱን ከቀደዱት አንዱ የሆነው መምህሩ ፈረደ አክሉም፣ ከበደ ቢምሮ በሚባል ገጸ ባሕርይ ተመስሎ በጥቂት ትዕይንቶች ብቅ ይላል። ሚናውን የያዘው ማይክል ኬ. ዊልያምስ ብርቱ ተዋናይ ነው፤ ድርሰቱ ግን ከወኪሉ ከክሪስ ኢቫንስ ኋላ አቆመው። ከሞቱት ብዙዎቹ የሞቱት በመጠበቅ ላይ ሳሉ ነው፤ መጠበቅ ደግሞ ከፊልሙ ወጥቷል።

እስካሁን ያልኩት በባዕድ ሥራ ላይ ነው፤ ይህ ይቀልላል። የሚከብደው ወደ ቤት ሲመለሱ ነው። ሰባተኛው ምዕራፍ በታየበት በዚያው በ2001 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የኢትዮጵያ ፓርላማ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652ን አጸደቀ። መግጠሙ አጋጣሚ ነው፤ ምክንያትና ውጤት አላደርገውም። አዋጁ ግን ከሰዓቱ ጋር አንድ ጠባይ ይጋራል። የደኅንነት ሪፖርት ምንጩና የተገኘበት መንገድ ሳይገለጽ በማስረጃነት እንዲቀርብ ፈቀደ፤ ዳኛው ሊጠይቅ የሚገባውን ጥያቄ አስቀድሞ ዘጋበት። ስጋቱ የፈጠራ ነበር ማለቴ አይደለም። በሐምሌ 2002 ዓ.ም. አልሸባብ ካምፓላ ላይ ከ70 በላይ ሰው ገድሏል፤ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ቦሌ አካባቢ ሁለት ሰዎች ሲያሰናዱት የነበረው ቦምብ ራሳቸውን አጥፍቷል። ጥያቄዬ ስጋቱ በቴሌቪዥን እንዴት ተተረከ የሚል ነው።

በኅዳር 2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «አኬልዳማ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም በተከታታይ አሳየ፤ በጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም. ምሽት ደግሞ «ጅሃዳዊ ሐረካት»ን። ሁለቱንም እንደ ድራማ ብንፈታቸው የምናገኘው የታወቀ አወቃቀር ነው። የሚያስጨንቅ ሙዚቃ፣ ከሌላ ቦታ ፍንዳታ የተወሰደ የደም ምስል፣ ሁሉን አስቀድሞ የሚያውቅ ወፍራም የተራኪ ድምፅ፣ በመካከሉ ደግሞ በእስር ላይ ያለ ሰው ወደ ካሜራ ሳያይ ሲናገር። ተራኪው ጥርጣሬ አያውቅም። ጠበቃ በትረካው ውስጥ ገጸ ባሕርይ ሆኖ አይገባም። የሚታዩት ሰዎች ጉዳይ ገና በፍርድ ቤት እየታየ ነበር፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 3 ደግሞ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሒደት ባለበት ጊዜ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። «ጅሃዳዊ ሐረካት» እንዳይተላለፍ የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዚያው ቀን አግዶ ነበር፤ ፕሮግራሙ ግን ምሽት ላይ ተላለፈ።

እዚህ ላይ ንጽጽሩ ለእኛ አይበጅም። በ«24» ሸንጎው ሲቋረጥ ቢያንስ ሲቋረጥ እናያለን፤ ሴናተሩ ተቆጥተው በኋላ ይመለሳሉ፣ ባወርም ከፊታቸው እንደሸሸ ያውቃል፣ ተመልካቹም ሊታዘበው ይችላል። በእኛ ስክሪን ላይ ግን የፍርድ ቤቱ እገዳ የትረካው ክፍል አልሆነም። ልብ ወለዱ ለዳኛው ወንበር ሠርቶለት ባዶ አደረገው፤ ዘጋቢ ፊልሙ ወንበሩንም አላስገባም። ብዙ ሰው እነዚህን ፊልሞች የሚተቸው ውሸት ናቸው ወይስ እውነት በሚል ነው። በእኔ ዕይታ የቅርጹ ጥፋት ከዚያ ይቀድማል፤ በውስጣቸው ያለው ቃል ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ ፍርዱን ከችሎት ቀድመው ያነባሉ።

በ2003 ዓ.ም. ሰኔ በኦጋዴን የተያዙት ስዊድናውያን ጋዜጠኞች ማርቲን ሺቢየና ዮሐን ፔርሾን ጉዳይ ነገሩን ወደ ሌላ ጫፍ ይወስደዋል። ምስላቸው በመንግሥት ቴሌቪዥን ታየ፤ በሽብር ሕጉ 11 ዓመት ተፈርዶባቸው በ2004 ዓ.ም. ማብቂያ በይቅርታ ወጡ። ከተያዙ በኋላ ትዕይንት እየተዘጋጀ እንደተቀረጹ ተናግረዋል፤ ጥሬ ምስሉንም የክልሉ ባለሥልጣን የነበረው አብዱላሂ ሁሴን ከአገር አወጣው። በ2019 እ.ኤ.አ. ስዊድኖች «438 ቀናት» ብለው ፊልም አደረጉት። እንግዲህ ለዜና ተብሎ የተተወነውን ነገር ልብ ወለድ ፊልም እንደገና ተወነው ማለት ነው። ከዚህ በላይ የሁለቱን ዘውጎች ዝምድና የሚያሳይ ነገር ማሰብ ያስቸግረኛል።

ከ2010 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ካሜራው ዞረ፤ አወቃቀሩ ግን እምብዛም አልዞረም። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) የቀድሞ ዋና ዳይሬክተር ሜጀር ጀነራል ክንፈ ዳኘው በሱዳን ድንበር አቅራቢያ፣ ሁመራ አካባቢ ተይዘው፣ እጃቸው በካቴና ታስሮ ከሄሊኮፕተር ሲወርዱ አገር በቴሌቪዥን ተመለከተ። ጉዳዩ ሙስና እንጂ ሽብር አልነበረም፤ ቀረጻው ግን ያንኑ ሰዋስው ይናገር ነበር። ቆላው እንደገና የሚሸሽበትና የሚያዝበት ሜዳ ሆነ፤ ከዚያ በላይ ስለ አካባቢው የተነገረ አልነበረም። የቀድሞው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅም በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተካ።

ጀነራሉ በተያዙበት በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ማግሥት፣ በታኅሣሥ መግቢያ፣ «የፍትሕ ሰቆቃ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም በቴሌቪዥን ታየ። እሱም ፍርድ ሳይሰጥ ቀድሞ ተላልፏል፤ እሱም ሙዚቃውን አልቀነሰም፤ በዚህ ይወቀሳል። ነገር ግን «24» በስምንት ምዕራፍ ያልደፈረውን ነገር አድርጓል። የሰባተኛው ምዕራፍ የመጨረሻ ክፍል ላይ ባወር በመርዙ ተይዞ ሊሞት ሲቃረብ ኢማም ሙህታዲ ጎሃርን ያስጠራል፤ ለሬኔም ሕጉን የጻፉት ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ናቸው ይላታል፤ ልቡ ግን ያንን መቀበል እንዳልቻለ ይነግራታል። ምናልባት የድራማው ሁሉ ምርጥ ንግግር ይህ ነው። ሬኔ ከዚያ የሴራው አለቃ አለን ዊልሰን ወደ ተያዘበት ክፍል ትሄዳለች፤ ልታስቆማት የሞከረችውን ባልደረባዋን በካቴና ታስራለች፣ መታወቂያዋን ታወልቃለች፣ ትገባለች። ውስጥ የሆነውን ምዕራፉ አያሳየንም፤ ዊልሰንም ኋላ ወጥቶ የደረሰበትን አይናገርም። በ«የፍትሕ ሰቆቃ» ከእንዲህ ያለው ክፍል የወጡት ሰዎች ተቀምጠው፣ በአካላቸው የቀረውን ጠባሳ እያሳዩ፣ በዝግታና እየቆሙ ተናገሩ። አንዳንዱ ንግግር ረጅም ነበር፤ በማዕዘኑ ላይ የሚቆጥር ሰዓትም አልነበረም።