ካሜራው ይቆጥራል ወይስ ያዳምጣል?

በአደባባይ ስለሚደረግ የዜማ በዓል የተሠራ ፊልም ስታዩ አንድ ጥያቄ ያዙ፤ ካሜራው ሕዝቡን ቆጠረው ወይስ አዳመጠው?

የማይክል ዋድሊ «ውድስቶክ» (እ.ኤ.አ. 1970) ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። በ1969 በኒውዮርክ ገጠር የተሰበሰበውን፣ ከ400,000 በላይ የተገመተ ሕዝብ ያሳያል። የነበረውን ዕፅና ልቅነት አይደብቅም፤ በዚህ መንገዳችን ይለያያል። ከታዋቂዎቹ ጊታር መቺዎች ይልቅ ልብ የሚነካው ግን መጸዳጃ ቤት የሚያጸዳው ሰው ነው። አንዱ ልጁ እዚያው በዓሉ ላይ፣ ሌላው ቬትናም ጦርነት ላይ እንዳለ ይናገራል። የዘመኑ ጭንቀት በዚህ አባት አፍ ተጠቃሎ ይሰማል።

«ሰመር ኦፍ ሶል» (እ.ኤ.አ. 2021) ደግሞ በዚያው ዓመት በሃርለም የተደረገውን በዓል ያሳያል። የተቀረጸው ምስል ለ50 ዓመት ያህል ተረስቶ ነበር። ማሄሊያ ጃክሰን ሕመም ስለተሰማት ሜቪስ ስቴፕልስ እንድታግዛት ትጠይቃታለች፤ ከዚያ ማርቲን ሉተር ኪንግ ይወደው የነበረውን መዝሙር አብረው ይዘምራሉ። ኪንግ ከተገደለ ገና አንድ ዓመቱ ነው፤ ዝማሬው ልቅሶም ጸሎትም ነው። የፊልሙ ጉድለት መዝሙር እየተዘመረ ብዙ ጊዜ ቃለ መጠይቅ መደረቡ ነው።

በአገራችን ይህ ጉድለት ይብሳል። በገና ዕለት ላሊበላ ላይ ካህናት ከቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው ዓለት አፋፍና ከታች ከግቢው ሆነው «ቤዛ ኩሉ»ን ይቀባበላሉ። ብዙ አጫጭር ፊልሞች ግን ድሮን አስነሥተው የነጠላውን ባሕር ያሳዩና ሌላ ሙዚቃ ይደርቡበታል። «ቤዛ ኩሉ» ማለት የሁሉ ቤዛ ማለት ነው። በብዙ ነገር ከኦርቶዶክስ ወገኖቻችን ብንለይም፣ ይህ የእኛም እምነት ነው። ተመልካቹ ቤዛው ማን እንደሆነ ሳይሰማ ከተነሣ ፊልሙ ምን አሳየው?

እዚያው ላስታ ውስጥ፣ ከላሊበላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ይምርሐነ ክርስቶስ አለ። የተሠራው ዋሻ ውስጥ ስለሆነ ከሰማይ ለሚያይ ተራራ ብቻ ነው። እንጨትና ነጭ ልስን እየተፈራረቁ የቆሙበትን ግድግዳ፣ ከኋላውም የጥንት ተሳላሚዎች ናቸው የሚባሉትን አጽሞች ለማየት በእግር ገብቶ፣ ዐይን ጨለማውን እስኪለምድ መቆም ግድ ነው። የዜማ በዓልም እንዲሁ ነው፤ ከላይ ስፋቱ እንጂ ልቡ አይታይም።

ሳሙኤል የኤልያብን ቁመት አይቶ ሊቀባው ሲያስብ፣ የተመረጠው ልጅ በግ ጥበቃ ላይ ነበር። ካሜራም ቁመት ይወዳል።

እናንተ በየአጥቢያችሁ ጉባኤ ስልክ ይዛችሁ የምትቀርጹ ወጣቶች፣ እስቲ አንድ መዝሙር ሳትቆርጡ እስከ መጨረሻው ቅረጹ፤ ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማ። መድረኩን ከቀረጻችሁ በኋላ ወንበር ወደደረደረችው እህት፣ ከኋላ ቆመው ወደሚያለቅሱት እናት ዞር በሉ። ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ።