አንበሳው የማን ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከብሔራዊ ቴአትር አጠገብ የቆመውን የድንጋይ አንበሳ ፎቶግራፍ አንሥቼ ለአንድ የቀን መቁጠሪያ አሳታሚ ሸጥኩ። ገንዘቡ የሚያኮራ አልነበረም። የሚያኮራው በደቃቅ ፊደል የታተመው ስሜ ነበር። በዓመቱ ያው ፎቶግራፍ በሌላ አሳታሚ የቀን መቁጠሪያ ላይ ወጥቶ አገኘሁት። ደመናው የኔ ደመና፣ ጥላው የኔ ጥላ ነው፤ ስሜ ግን የለም። ደሜ ፈላ። በዚያው ንዴት ሁለቱንም ይዤ ወደማከብራቸው አንድ አንጋፋ ሠዓሊ ቤት ሄድኩና፣ "ጋሼ፣ ተዘረፍኩ!" አልኳቸው።

እሳቸውም ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግተው ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፣ "እውነትህን ነው፣ ተሰርቀሃል። ለመሆኑ አንተ የቀራጺውን ስም የት ላይ ነው የጻፍከው?" ሲሉ ጠየቁኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ሳልጽፍ መቅረቴ ብቻ አይደለም፤ ስሙንም አላውቀውም ነበር። በአጠገቡ ስመላለስ ያደግሁ ሰው፣ አንበሳው ከመሬት የበቀለ ይመስል ማን ሠራው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ኋላ እንደተረዳሁት ይህ አንበሳ (የለገሃሩ ሌላ ነው) በ1948 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት የቆመ ሲሆን፣ የቀረጸው ሞሪስ ካልካ የተባለ ፖላንድ ተወልዶ ፈረንሳይ የኖረ ባለሙያ ነው። ያረፈውም እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የትናንት ሰው ነው ማለት ይቻላል።

ያን ፎቶግራፍ ዛሬ እንደ ባለቤቱ ሳይሆን እንደ ሐያሲ ስመለከተው እውነቱ ይገለጥልኛል። የምስሉ ኃይል ያለው ብርሃኑ ድንጋዩን ሲመታ ከሚፈጠረው ጥላ ላይ ነው። ያን ጥላ የፈጠርኩት እኔ መስሎኝ ነበር። ዳሩ ግን ካልካ ድንጋዩን ሲጠርብ ጥላው የሚወድቅበትን ቦታ አብሮ ጠርቦታል። የኔ ድርሻ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ እዚያ መገኘት ነው። ይህ ድካም አይደለም አልልም፤ ግን የሰው ወርቅ አያደምቅም።

ሁሉም ፎቶግራፍ እንዲህ ነው ማለቴ ደግሞ አይደለም። ፎቶ አንሺው ከሐውልቱ ሥር ጥላ ፈልጎ የቆመ ሎተሪ አዟሪን፣ ከበስተኋላውም የታክሲ ሰልፉን አክሎ ቢያነሣ፣ አንበሳው ከከተማው ሕይወት ጋር ይነጋገራል። እዚያ ላይ ፎቶ አንሺው የራሱን ቃል ጨምሯል። በቀን መቁጠሪያና በፖስትካርድ ላይ የምናየው አብዛኛው ሥራ ግን ሐውልቱን ብቻ ነጥሎ የሚያቀርብ ነው። ይህ ቅጂ ነው፤ ቅጂ ደግሞ ዋናውን ሊጠቅስ ይገባዋል።

ይህ ክርክር በአሜሪካ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ ነገሩም ከኛ የራቀ አይደለም። በዋሽንግተን የኮርያ ዘማቾች መታሰቢያ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲመረቅ፣ ወታደር ከላኩ አገሮች መካከል የቃኘው ሻለቆች አገር የኢትዮጵያ ስምም ተቀርጾበታል። በሜዳው ላይ የሚራመዱትን 19 የብረት ወታደሮች የሠራው ፍራንክ ጌይሎርድ ነው። ጆን አሊ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በጥር 1996 በረዶ በጣለበት ማለዳ፣ የኮርያ ዘማች ለነበሩት አባቱ ስጦታ ብሎ እነዚህን ወታደሮች ፎቶግራፍ አነሣ። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ያን ምስል እ.ኤ.አ. በ2003 በ37 ሳንቲም ቴምብር ላይ አተመው። ለአሊ 1,500 ዶላር ከፈለ፤ ጌይሎርድን ግን አልጠየቀውም።

ጌይሎርድ እ.ኤ.አ. በ2006 ከሰሰ። መንግሥት በረዶውና ድብዝዝ ያለው ብርሃን ምስሉን አዲስ ሥራ አድርገውታል ሲል ተከራከረ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2010 በረዶ መጣሉ የቀራጺውን መብት አይሽርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ለጌይሎርድ ከ684 ሺህ ዶላር በላይ እንዲከፈለው ተወሰነ።

የአሊ ፎቶግራፍ መልካም ፎቶግራፍ ነው፤ የብረት ወታደሮቹን የኮርያ ብርድ የያዛቸው ያስመስላል። ቢሆንም ወታደሮቹን ብናወጣቸው የሚቀረው በረዶ ብቻ ነው። አሊ ራሱ ኋላ ከጌይሎርድ ጋር ተስማምቶ፣ ከፎቶግራፉ ሽያጭ 10 በመቶ ሊከፍለው ቃል መግባቱ ከፍርዱ ይልቅ ልቤን ይነካኛል።

"ሐውልት የቆመው በሕዝብ አደባባይ ነው፤ ታዲያ የሕዝብ አይደለም ወይ?" የሚል አይጠፋም። ነው እንጂ! ሙሽሮችም ተመራቂዎችም አጠገቡ ቆመው እንደልባቸው ይነሡ፤ ማንም አይከልክላቸው። ነገር ግን አደባባዩ የሕዝብ መሆኑ ሐውልቱን አባት አልባ አያደርገውም። በአገራችንም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ቅርጻ ቅርጽን ከሚጠበቁ ሥራዎች ይቆጥራል፤ ሥራ አመንጪው በስሙ የመታወቅ መብት እንዳለውም ይደነግጋል። የኔ ጥያቄ ግን ከሕጉ ይቀድማል። የደራሲውን ስም የማይጠቅስ የመጽሐፍ ሽፋን ብናይ እንስቃለን። የቀራጺውን ስም የማይጠቅስ የሐውልት ፎቶግራፍ ግን በየመጽሔቱ እናትማለን፤ ያውም "ፎቶ፦ እገሌ" ብለን።

ነገሩ የጨዋነት ብቻም አይደለም። አፈወርቅ ተክሌ ሐረር ላይ ያቆሙት የራስ መኮንን ሐውልት በሰኔ 2012 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት ፈረሰ። ዛሬ ያን ሐውልት ማየት የሚሻ ሰው ያለው ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ፈረሰኛው ማን እንደሆነ የሚናገረው ጽሑፍ "የአፈወርቅ ሥራ" የሚለውን ካስቀረ፣ ሐውልቱ ሁለተኛ ጊዜ ፈረሰ ማለት ነው። ሁለተኛውን የምናፈርሰው ግን እኛው ጸሐፊዎች፣ ፎቶ አንሺዎችና አዘጋጆች ነን።

ፎቶግራፌን የወሰደውን አሳታሚ ሄጄ አነጋገርኩት። ይቅርታ ጠይቆ፣ በሚቀጥለው እትም ስሜን እንደሚጨምር ነገረኝ። እኔም ወረቀት አውጥቼ እንዲታተም የምፈልገውን ጻፍኩለት። "ቅርጽ፦ ሞሪስ ካልካ" የሚለውን አስቀደምኩ፤ የኔን ከሥሩ አደረግሁ። ሰውየው አየት አደረገኝና፣ "ይሄ ደግሞ ማነው?" አለኝ። ቁጭ ብዬ ነገርኩት።