ጥሩ የግመል ሐኪም በምን ይለያል?

የጣርማ በርን ቁልቁለት ጨርሶ ሸዋ ሮቢት የደረሰ ሰው ደጋውን ትቶ ይፋት ቆላ ገብቷል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ አገሩ ከአፋር ጋር ይያያዛል፤ በሰንበቴ የእሑድ ገበያም አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው ይገናኛል። በዚህ ቆላ ግመል ወተትም፣ ጭነትም፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ጥሪትም ናት። ስትታመም ታዲያ ባለቤቷ የሚፈልገው ፈጥኖ የሚወጋና «ኃይለኛ» መድኃኒት የያዘ ሰው ነው። ሐኪምን በመርፌው መመዘን ግን ያሳስታል። የሕክምና ጥራት የሚታየው ከመርፌው በፊት በሚደረገው ጥያቄና ልኬት፣ ከመርፌው በኋላም በሚደረገው ክትትል ነው።

በመጀመሪያ የሚታየው ሐኪሙ ትኩሳቷን በስንት ሰዓት እንደለካ ነው። ተመራማሪው ክኑት ሽሚት ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሰሃራ ባደረገው ጥናት እንዳሳየው፣ ውኃ የተጠማች ጤነኛ ግመል ላብ ላለማባከን ቀኑን ሙሉ ሙቀት በሰውነቷ ታከማቻለች፤ ንጋት ላይ ወደ 34 ዲግሪ የነበረው ሙቀቷ ከሰዓት በኋላ ከ40 ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ በበጋ ከሰዓት በኋላ የተነበበ 40 ዲግሪ ብቻውን የበሽታ ማስረጃ አይሆንም። ሥራውን የሚያውቅ ሐኪም ጎሕ ሲቀድ ይለካል፤ መቼ ውኃ እንደጠጣች ይጠይቃል፤ ከዚያው መንጋ አንዲት ጤነኛ ግመል አስይዞም ያመሳክራል።

ቀጥሎ የሚታየው የመድኃኒት ምርጫው ነው። ለምሳሌ ገንዲ የተባለውን የግመል የደም በሽታ የሚያመጣውን ተውሳክ የእንስሳት ሐኪሙ ግሪፊዝ ኢቫንስ እ.ኤ.አ. በ1880 በሕንድ በፈረሶችና በግመሎች ደም ውስጥ አገኘው። በሽታው ቆላ ዝንብ (ፄፄ) በሌለበትም ይዛመታል፤ ደም መጣጭ የሆኑ ሌሎች ተናካሽ ዝንቦች ከአንዷ ወደ ሌላዋ ያደርሱታል። «እዚህ ቆላ ዝንብ የለም» ብሎ ገንዲን ከሐሳቡ የሚያወጣ ሐኪም ገና ከጅምሩ ስቷል። ገንዲ ነው ካለም በኋላ ለከብት በሰፊው የሚሰጠውን ዲሚናዚንን እንደ ዋዛ አያነሣም፤ ግመል መድኃኒቱን እንደ ከብት አትችለውምና መጠኑ ትንሽ ሲያልፍ ሊገድላት ይችላል። ለግመል ተብሎ የተዘጋጀው ሜላርሶሚን ነው፤ መጠኑም ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.25 ሚሊግራም ነው።

ይህ መጠን ደግሞ ክብደትን ማወቅ ይጠይቃል። ሚዛን በሌለበት የሜትር ገመድ ይበቃል፦ የትከሻ ቁመት፣ የደረት ዙሪያና በሻኛው ጫፍ ላይ የሚያልፈው የሆድ ዙሪያ በሜትር ተለክተው ይባዛሉ፤ ውጤቱ እንደገና በ50 ሲባዛ ግምታዊ ኪሎው ይገኛል። ቁመቷ 1.9፣ የደረቷ ዙሪያ 2፣ የሆዷ ዙሪያ 2.5 ሜትር የሆነ ግመል 475 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። በዓይኑ ገምቶ «350 ትሆናለች» ያለ ሰው ከሚገባት መድኃኒት ሩብ ያህሉን አስቀርቶባታል። የጎደለ መጠን ተውሳኩን ሳይጨርስ መድኃኒቱን ያለማምደዋል፤ ጉዳቱም ለጎረቤት መንጋ ይተርፋል።

እከክም ሐኪሙን ይፈትነዋል። አይቨርሜክቲን ከቆዳ ሥር ሲሰጥ ተባዩን ይገድላል፤ እንቁላሉን ግን አይገድልም፤ ስለዚህ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ መደገም አለበት። ጥሩ ሐኪም የሚደገምበትን ቀን ተናግሮ ይሄዳል፤ አብረዋት የሚውሉትን ግመሎች፣ የጭነቱን ዕቃና ገመዱን ያያል፤ እከኩ ወደ ሰው ስለሚተላለፍ እረኛውንም ይጠይቃል። ወተቷ እስከ መቼ እንደማይጠጣ ሳይጠየቅ መናገሩ ደግሞ ከሁሉ የጠራ ምልክት ነው፤ ከግመሏ አልፎ ለቤተሰቡ ማሰቡን ያሳያልና።

«ሐኪም በማይገኝበት ቆላ ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው» የሚል ይኖራል። ነገር ግን ከተዘረዘረው ውስጥ ውዱ መድኃኒቱ ብቻ ነው፤ ማለዳ መነሣት፣ ገመድ መዘርጋትና መጠየቅ ገንዘብ አይፈልጉም። ጥያቄው ደግሞ መቅረብ ያለበት በመጀመሪያ ለእረኛው ነው፤ የሻኛዋን መጉደልና ከመንጋ ወደ ኋላ መቅረቷን ከማንም ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ግን «እገሌ ወጋት፣ በነጋታው ዳነች» የሚለው ነው። የገንዲ ትኩሳት ግን በባሕርዩ መጣ ሄድ ይላል፤ ተውሳኩም ከደም ሥር ለጊዜው ይሰወራል። በነጋታው መነሣቷ መድኃኒቱ መሥራቱን አያረጋግጥም፤ አንድ ጊዜ የተመረመረ ደም ንጹሕ መሆኑም መዳኗን አያሳይም። ማስረጃው በሳምንታት ውስጥ የሚታይ ነው፦ የዓይኗ ቆብ ውስጡ ይቀላል፣ ሻኛዋ ይሞላል፣ ደሟ ዳግም ሲመረመርም ንጹሕ ይሆናል። ስለዚህ ከሁለት ሐኪሞች አንዱን መምረጥ የግድ ሲሆን፣ ብዙ ጠርሙስ ከተሸከመው ይልቅ የሰጠውን መጠን ጽፎ የሚተውና በቀጠሮው ተመልሶ የሚመጣው ይመረጥ።