ገበጣ በምድርና ገበጣ በስልክ

የቆየ ጨዋታ በአዲስ መልክ ተሠርቶ ሲወጣ ተመልካቹ በሁለት ወገን ይከፈላል። አንዱ ወገን አዲሱን አይቶ አሮጌውን ይንቃል፤ ሁለተኛውም አሮጌውን ወዶ አዲሱን ይኰንናል። እኛ ግን ሁለቱን በአንድ ሚዛን መመዘን የሚሻል መስሎናል።

ለዚህም ከባሕር ማዶ የታወቀ ምሳሌ አለ። የጃፓኑ ስኩዌር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው «ፋይናል ፋንታሲ 7» ተጫዋቹ ክላውድ የተባለውን ቅጥረኛ ተዋጊ ሆኖ ታሪኩን የሚከተልበት የቪዲዮ ጨዋታ ነው። በዚያ ጨዋታ ተዋጊው ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ተጫዋቹም ትእዛዙን ከዝርዝር ይመርጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 እንደገና ተሠርቶ ሲወጣ ግን ውጊያው የእጅ ቅልጥፍናን የሚጠይቅ ሆነ፤ በፊት የታሪኩ መግቢያ ብቻ የነበረችው የሚድጋር ከተማም ለብቻዋ ሙሉ ጨዋታ ወጣት። ይሁን እንጂ ሠሪዎቹ ትእዛዝ መምረጥን ለሚወድ ሰው ውጊያው በራሱ የሚካሄድበትን «ክላሲክ» የተባለ ስልት ጨመሩለት። የመጀመሪያውም ጨዋታ እስከ ዛሬ ስለሚገኝ ሁለቱን ጎን ለጎን አቅርቦ መፍረድ ይቻላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ገበጣን ለእጅ ስልክ አዘጋጅቶታል። ሥራው የሚያስመሰግን ነው፤ የእንጅባራ ወይም የዳንግላ ተማሪ ጉድጓድ ሳይምስና ጠጠር ሳይለቅም የአባቶቹን ጨዋታ ሊጫወት ይችላልና።

ነገር ግን በምድር ላይ የሚጫወት ልጅ ጠጠሩን በእጁ ቆጥሮ ያድላል፤ መጨረሻው ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚወድቅ አስቀድሞ ያሰላል፤ ባልንጀራው ያጭበረበረ እንደሆነም ይከራከራል፤ ከዳር ሆኖ የሚያይ ይፈርዳል። በስልክ ላይ ግን መሣሪያው ራሱ ያድላል፣ ይቆጥራል፣ ይፈርዳል። ጠብ የሌለበት ጨዋታ ንጹሕ ነው፤ ሆኖም ስሌትንና ዳኝነትን የሚያስተምር አይደለም።

ከዚህም የሚከብድ ጉዳይ አለ። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነቶችን ዘርዝረዋል። የስልኩ መሣሪያ ግን የሚያውቀው የተጻፈለትን ሕግ ብቻ ነው። የጃፓኑ ጨዋታ የመጀመሪያ ቅጂ በዲስክ ላይ ተቀምጧል፤ የገበጣ የመጀመሪያ ቅጂ ግን የሚገኘው በሽማግሌዎች ትዝታ ውስጥ ነው። ሽማግሌው ሲያልፍ ቅጂው አብሮት ይቀበራል፤ ያን ጊዜ አዲሱን ከምን ጋር እናነጻጽረዋለን?

ስለዚህ በአዊ የሚገኙ መምህራንና ተማሪዎች በየቀበሌያቸው ገበጣ በስንት ጉድጓድና በስንት ጠጠር እንደሚጫወቱት፣ መብላቱም በምን ሕግ እንደሆነ፣ በአውኚ ቋንቋ ምን ምን እንደሚባል ጠይቀው ቢጽፉ ታላቅ አገልግሎት ይሆናል። የስልኩ ሠሪም ከዚያ ጽሑፍ ቀድቶ ለየአገሩ ሕግ በር ቢከፍት ሥራው ምሉዕ ይሆንለታል። አዲሱን ለማረምም ሆነ ለማመስገን አስቀድሞ አሮጌውን ማወቅ ያስፈልጋል።